ሳይደማ የሚገድል ጉዳት

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም»

ከተገለበጠ ባጃጅ ወይም ከመንገድ ከወጣ ሚኒባስ አጠገብ ደጋግመን የምንሰማው ቃል ይህ ነው። ሰውየው ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ጉልበቱ ተልጧል፤ ሌላው ቦታ አይደማም። «ጋሼ፣ ተጎዱ እንዴ?» ሲባል «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። የከበበው ሰውም «ተመስገን፣ ተረፈ» ብሎ ይተወውና እጁ ተሰብሮ ወደሚጮኸው ይሮጣል። እጁ የተሰበረው በአብዛኛው ይድናል። ከሰዓታት በኋላ ድንገት የሚወድቀው ጥላ ስር ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ «ትንሽ ጎኔን ይወጋኛል እንጂ» ያለው ሰው ሊሆን ይችላል።

ከተማችን ሐራ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአፋር ከጭፍራ በኩል የሚመጣው መኪና በእኛ አልፎ ወደ ወልዲያ ይወጣል። ከወልዲያ አንዱ መንገድ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ ቆቦና ወደ መቀሌ፣ አንዱ ደግሞ የድልብን ዳገት ወጥቶ ወደ ጋሸናና ደብረ ታቦር ይሄዳል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ መጥቶ ሐራ ገበያ ላይ የሚያበቃ የባቡር መስመር ቢዘረጋም የግራናው ሽንኩርት፣ የመርሳው ብርቱካንና ማንጎ፣ ተማሪውና ነጋዴው የሚጓዙት ዛሬም በጎማ ነው። ስለዚህ ይህን ማብራሪያ ለተማሪዎቼ ብቻ ሳይሆን ለወላጆቻቸው፣ ለአሽከርካሪዎችና ለረዳቶች ጭምር ጽፌዋለሁ። አደጋ የደረሰበትን ሰው ደህና ነው የምንለው እሱ ስለተናገረ ሳይሆን ተለክቶና ተመርምሮ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ምክንያትና ዘዴ ነው።

አንድ አደጋ፣ ሦስት ግጭት

መኪና ሲጋጭ ግጭቱ አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ መኪናው ከድንጋይ፣ ከዛፍ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ይላተምና ይቆማል። ተሳፋሪው ግን ገና አልቆመም፤ በነበረበት ፍጥነት ሄዶ ከመሪው፣ ከዳሽቦርዱ ወይም ከፊቱ ካለው የወንበር ብረት ጋር ይጋጫል። ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ዓይን አያየውም። ደረት ሲቆም ልብ ገና በመሄድ ላይ ነው፤ የራስ ቅል ሲቆም አንጎል ገና በመሄድ ላይ ነው፤ ጉበትም ጣፊያም አንጀትም እንዲሁ። ወተት የተሞላ ቅል ይዞ የሚሮጥ ልጅ በድንገት ቢቆም ቅሉ እጁ ላይ ይቀራል፣ ወተቱ ግን እየተናጠ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ቆዳችን ላይ ጭረት ሳይኖር ውስጣችን የሚቀደደው በዚህ በሦስተኛው ግጭት ነው።

ፍጥነት ሲጨምር ጉዳቱ የሚጨምረው በተመሳሳይ ልክ አይደለም። ፊዚክስ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር የተላተመ ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ እንደወደቀ ያህል ነው፤ ሦስት ፎቅ ማለት ነው። በ80 ከሆነ 25 ሜትር ይደርሳል፤ በ100 ወደ 39 ሜትር ይጠጋል። ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ «ምንም አልሆንኩም» የሚልን ሰው አናምነውም፤ ተሸክመን ሆስፒታል እንወስደዋለን። ከመኪና አደጋ የወጣውን ግን የምናምነው ከፍታውን በዓይናችን ስላላየነው ነው።

የሚጎዳው ምኑ ነው?

ከሁሉም የከፋው ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ሲቀደድ ነው። የቧንቧው አንዱ ክፍል ከጀርባ ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነው፤ ሌላው ከልብ ጋር ይወዛወዛል። ድንገት ሲቆም የላላው ከተያዘው ይጎተታል፣ በመጋጠሚያው ላይ ይተረተራል። አብዛኞቹ እዚያው መንገድ ላይ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ቅዳዱ ለጊዜው በውጨኛው ሽፋን ተይዞላቸው ሆስፒታል ይደርሳሉ፤ የእነሱን ሕይወት የሚያተርፈው ቶሎ መታወቁ ነው።

የእንግሊዟን ልዕልት ዲያናን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ በአልማ ዋሻ የተሳፈረችበት መኪና ከምሰሶ ጋር ሲጋጭ ወዲያው አልሞተችም፤ የመጀመሪያው ሐኪም ሲደርስ ትተነፍስ ነበር። ከውጭ የታየው ቁስል የውስጡን አይገልጽም ነበር። ከሳንባ ወደ ልብ የሚሄደው የደም ሥር ተቀድዶ ነበርና ሆስፒታል ደርሳ ደረቷ ተከፍቶም ሊያተርፏት አልቻሉም። በኋላ የተካሄደው የእንግሊዝ ፖሊስ ምርመራ እንዳረጋገጠው ከመኪናው ተሳፋሪዎች ማንም ቀበቶ አላሰረም ነበር። በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ሐኪሞች ባሉበት ከተማ እንዲህ ከሆነ እኛ መንገድ ላይ ቀበቶ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን መገመት አያዳግትም።

ደረት ሲመታ የጎድን አጥንት ይሰበርና ሳንባን ይወጋል። አየር ከሳንባው ወጥቶ በደረት ውስጥ ይታቆራል፤ ሳንባው እየተጨመደደ ይሄዳል፤ የተጎዳው ሰው በአፍ በአፉ ይተነፍሳል። ሆድ አካባቢ በብዛት የሚጎዱት ጉበትና ጣፊያ ናቸው። ሁለቱም በደም የተሞሉና በቀላሉ የሚሰነጠቁ ናቸው። አንጀት ሲበሳ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፦ ደሙ ብዙም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቆሻሻው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስና በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳትና የሆድ መድረቅ ያመጣል። ኩላሊት ሲጎዳ ሽንት ይቀላል። የዳሌ አጥንት ሲሰበር አጥንቱን ብቻ አታስቡ፤ በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ተቀድደው በሊትር የሚቆጠር ደም ከውጭ ምንም ሳይታይ እዚያው ሊጠራቀም ይችላል።

ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ የሚነዱ ልጆቻችን ለብቻው የሚያሰጋቸው ነገር አለ፤ የመሪው እጀታ። ሲወድቁ ወይም ሲጋጩ የእጀታው ጫፍ ከእንብርት በላይ ይገባል፤ ቆሽትንና የላይኛውን አንጀት ከአከርካሪ ጋር ያጣብቃቸዋል። ከላይ የሚታየው አንዲት ክብ ሰማያዊ ምልክት ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ምልክት ሆዱ ላይ ያለው ልጅ ቢስቅም ቢጫወትም በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጣፊያና የቆላ ሰው

በጣፊያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለእኛ ለሐራና ለአካባቢዋ ሰዎች ይህ ከሌላው የተለየ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ጣፊያ በግራ ጎን ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ስር የተደበቀ፣ 150 ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ወባ ደጋግማ የያዘችው ሰው ግን ጣፊያው ያብጣል፤ ከጎድን አጥንቱ ከለላ ወጥቶ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ሽፋኑም ይወጠራል። የአንጀት ቢልሃርዝያ የቆየበትም ሰው እንዲሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርዱ ወጣቶችን የሚይዘው ካላዛር ደግሞ ጣፊያን ከሁሉም በላይ ያሳብጣል። እንዲህ ያበጠ ጣፊያ ለመሰንጠቅ ከባድ ግጭት አያስፈልገውም። ከባጃጅ መውደቅ፣ ከሚኒባስ ወንበር ጋር መላተም ይበቃዋል። ስለዚህ በአካባቢያችን «ቀላል አደጋ ነበር» የሚባለው ነገር ደጋ ካለው ሰው ይልቅ ለእኛ ያነሰ ዋስትና ነው።

ሌላም ተንኮል አለው። አንዳንዴ ጣፊያው ውስጡ ይሰነጠቅና ሽፋኑ ሳይቀደድ ይቀራል። ደሙ በሽፋኑ ስር ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይወጥረዋል። ሰውየው ሦስት ቀን፣ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንትም ሥራውን ሲሠራ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ኩንታል ሲያነሳ ወይም ሲያስነጥስ ሽፋኑ ይፈነዳል። ቤተሰቡ አደጋውን ረስቶታል፤ «ድንገት ወድቆ ሞተ» ይባላል።

ምልክቱን ማወቅ ይቻላል። ከጣፊያ የፈሰሰ ደም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካው ሕመሙ የሚሰማው ሆድ ላይ ሳይሆን ግራ ትከሻ ጫፍ ላይ ነው። ትከሻው ያልተመታ፣ ነገር ግን ከአደጋ በኋላ በተለይ በጀርባው ሲተኛ ግራ ትከሻውን የሚያመው ሰው ካለ ጉዳዩ የትከሻ አይደለም። ይህን ሰው ማሸት አያስፈልግም፤ መኪና ፈልጉለት።

የሻምበል አበበ ሌሊት

በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገን መኪናውን እየነዳ ሳለ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። ጠዋት ሰው ደርሶለት ወደ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተልኮ ስምንት ወር ያህል ታከመ። በዓለም ፊት የሮጡት እግሮች ግን ዳግም አልቆሙም። የተጎዳው አከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ነበር። የእጆቹ እንቅስቃሴ ሲመለስለት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ተስፋ አልቆረጠም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ገና በ41 ዓመቱ ከዚያው ጉዳት ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ።

ይህን ታሪክ እዚህ የማነሳው ኅብለ ሰረሰርም የማይታይ የውስጥ አካል ስለሆነ ነው። ኅብለ ሰረሰር ብዙ ጊዜ በግጭቱ ቅጽበት ይጎዳል። አንዳንዴ ግን አጥንቱ ብቻ ተሰብሮ ነርቩ ገና ደህና ሳለ፣ ሰውየውን እጅና እግሩን ይዘን ስንጎትት፣ ወይም አጥፈን ባጃጅ ውስጥ ስንከተው፣ የተሰበረው አጥንት ነርቩን ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ሽባ ያደረገው አደጋው ሳይሆን የእኛ እርዳታ ይሆናል። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመው፣ እጅ እግሩ የደነዘዘበት፣ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሁሉ አከርካሪው እንደተሰበረ ተቆጥሮ መያዝ አለበት።

ሰውነት ይደብቃል

በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለ። ከዚህ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆዱ ውስጥ ቢፈስ እንኳ ሰውነት ለጊዜው ይቋቋመዋል። የእጅና የእግር የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ልብን ያፈጥናል፣ ያለውን ደም ለአንጎልና ለልብ ያደላድላል። የደም ግፊቱ ሲለካ ትክክለኛ ሊመስል ይችላል፤ ሆዱም ያን ያህል አያብጥም። ወጣትና ሕፃን ከሁሉም የበለጠ ይቋቋማሉ፤ ሲያቅታቸው ግን በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ስለዚህ የግፊት መሣሪያ ሳይኖረን ልናየው የምንችለው የመጀመሪያው ምስክር የልብ ምት ነው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። የተጎዳውን ሰው መዳፍ ወደ ላይ አዙሩ። በአውራ ጣቱ በኩል ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሌባ ጣትንና መሃል ጣትን አሳርፉ፤ በአውራ ጣት አይቆጠርም፣ የራሳችሁን ምት ትቆጥራላችሁና። በስልክ ሰዓት 30 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። ያረፈ አዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ድንጋጤም ልብን ያፈጥናል፣ እውነት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቆጥራችሁ አትፍረዱ፤ ቁጥሩን ጻፉት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። የድንጋጤው እየቀነሰ ይሄዳል። የደም መፍሰሱ ባለበት ይቆያል ወይም እየጨመረ ይሄዳል። ምቱ ቀጭንና ለመዳሰስ የሚያስቸግር ከሆነም ሁለተኛ ቆጠራ አትጠብቁ።

ከምቱ ጋር የዓይኑን የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ነጥቷል? መዳፉ ቀዝቅዞ አልቦታል? በሐራ ሙቀት የሚቀዘቅዝ እጅ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጥፍሩን አምስት ሴኮንድ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልተመለሰ ደሙ ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም። ውሃ ውሃ ማለት፣ መቁነጥነጥ፣ ሲቀመጡ ዓይን መጨለም፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፣ ቀይ ሽንት ወይም ሽንት መቅረት፣ ሆድ ላይ በቀበቶው መስመር የወጣ ብልዝ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጊዜ የለም። መቁነጥነጡን ብዙዎች «ጠባዩ ነው» ወይም «ጠጥቷል» እያሉ ያልፉታል፤ አንጎሉ ኦክስጅን እያነሰው ነው።

ጭንቅላት የራሱ ሥርዓት አለው። ሰውየው ለአፍታ ራሱን ስቶ ይነቃል፣ ይናገራል፣ ቤቱም ይሄዳል። በዚህ መሃል በቅሉና በአንጎል ሽፋኑ መካከል ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይከፋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ይሰፋል። «ደክሞታል፣ ይተኛ» ብሎ መተው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

መንገድ ላይ

መጀመሪያ መንገዱን። የሚመጣ መኪና ሁለተኛ አደጋ እንዳያደርስ ሰው ራቅ ብሎ ይቁምና ያስቁም፤ የተገለበጠው መኪና ሞተር ይጥፋ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እሳት ወይም ጎርፍ እስካልመጣ ድረስ ተጎጂውን ከቦታው ለማውጣት መጣደፍ አያስፈልግም። የሚፈስ የውጭ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ከዚያም አልብሱት፤ ደም ያነሰው ሰው በቆላም ይበርደዋል።

ቀጥሎ የምለው ነገር ደግነታችንን የሚነካ ስለሆነ በጥንቃቄ ስሙኝ። ለተጎጂው ውሃ አትስጡ። ቡናም፣ ስኳር በውሃም፣ ምግብም አትስጡ። ሆዱ ከተከፈተ ሰመመን ሲሰጠው የጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ አንጀቱ ከተበሳም የጠጣው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይፈሳል። አፉ ከደረቀ ጨርቅ አርጥባችሁ ከንፈሩን አብሱለት። ሆዱን አትሹ፤ ወጌሻም እንዲያሸው አትፍቀዱ። ወጌሻዎቻችን የወለቀ መገጣጠሚያ ሲመልሱ ኖረዋል፤ የተሰነጠቀ ጉበት ግን በእጅ አይጠገንም፤ ሲታሽ የረጋው ደም ተላቅቆ እንደገና ይፈሳል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ደም የመርጋት አቅሙን ስለሚያዳክሙ ሐኪም ሳያየው አይሰጡም።

ለማንሳት አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ራስጌ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ከአካሉ ጋር በአንድ መስመር ይያዝ፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም እሱ ብቻ ነው። ሦስቱ በአንድ ጎን ሆነው ትከሻ፣ ዳሌና እግር ይያዙ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል እንደ አንድ ግንድ ወደ ጎን ያንከባልሉት፤ ጠፍጣፋ ነገር ከስሩ ይግባ። የተነቀለ በር፣ ጣውላ፣ የአይሱዙ ስፖንዳ ይሆናል። እዚህ ላይ ቅሬዎቻችንን፣ ማለትም እድሮቻችንን፣ አስባለሁ። ወሎ ውስጥ ቅሬ ድንኳንና ድስት አለው፣ ሬሳ ተሸክሞ ይቀብራል፣ በሽተኛም በቃሬዛ ያወርዳል። አንድ ጠንካራ ጠፍጣፋ ቃሬዛ ከማሰሪያ ቀበቶው ጋር አሠርቶ መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ማስቀመጥ ለቅሬ ትንሽ ወጪ ነው፤ ወጣቶቹንም ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር አንድ ከሰዓት ማለማመድ ይበቃል። ይህን የሚያደርግ የመጀመሪያው ቅሬ በእኛ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሆስፒታል ሲደረስ

ለሐኪሙ «መኪና አደጋ ነው» ብቻ አትበሉት። በግምት በስንት ፍጥነት ነበር? ተገለበጠ ወይስ ተጋጨ? ተሳፋሪው የት ተቀምጦ ነበር፣ ቀበቶ አስሮ ነበር፣ ከመኪናው ተወርውሮ ወጥቷል? አብሮት የነበረ ሰው ሞቷል? አደጋው ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ? እነዚህ መልሶች ሐኪሙ የት የት መፈለግ እንዳለበት ይነግሩታል። የቆጠራችሁትን ምትና ሰዓቱን የጻፋችሁበትን ወረቀትም ስጡት። ሰዓቱ ለሌላም ይጠቅማል፦ ትራነክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት፣ በ40 አገሮች በ20 ሺህ ያህል ተጎጂዎች ላይ ተጠንቶ እንደታወቀው፣ ሕይወት የሚያተርፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው።

ሆድ ውስጥ ደም መኖሩን ለማየት አልትራሳውንድ ይነሳል። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ነገር ግን ገና በጠዋቱ የተነሳ ምርመራ ትንሽ ደምንና የአንጀት መበሳትን ላያሳይ ይችላል። ሐኪሙ «አንድ ቀን ይቆይና እንከታተለው፣ እንደግመዋለን» ሲል ገንዘብ ፍለጋ አይደለም። በተቃራኒው ከአልትራሳውንዱ በኋላ ሆድ ሳይከፈት በአልጋ ክትትል ብቻ የሚድኑ የጣፊያና የጉበት ጉዳቶች ብዙ ናቸው። ከባዱ ጉዳት ወደ ወልዲያ፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል፤ ሪፈር ሲጻፍ ዘመድ መክሮ እስኪጨርስ ሰዓት አይባክን። ደም ለመስጠትም ዝግጁ የሆኑ ሰዎች አብረው ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር ሴት ለብቻዋ ትታሰብ። እሷ ምንም ሳትሆን የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ትንሽ ግጭት ቢሆንም፣ ሆዷ ባይመታም፣ ቢያንስ አራት ሰዓት የፅንሱ የልብ ምት ክትትል ያስፈልጋታል።

ብር ስለሌለ ብሎ ቤት የሚቀር ሰው አለ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሲያደርግ የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰበት ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አዟል፤ ሲወጣ የወሰነው ጣሪያ 2000 ብር ነበር። ተሽከርካሪው አምልጦ ባይታወቅም መብቱ ይቀራል ማለት አይደለም። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

ቀበቶ፣ መቀመጫ፣ ጭነት

ዛሬ በመኪኖች ውስጥ ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በፈረንጆቹ 1959 የሠራው የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነበር፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ የፊት ተሳፋሪን የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በአገራችንም የትራፊክ ደንቡ አሽከርካሪው ቀበቶ እንዲያስር ያስገድዳል። ብዙ አሽከርካሪ ግን ቀበቶውን ፖሊስ ሲያይ ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ኬላውን ሲያልፍ ይለቀዋል። ቀበቶ የሚታሰረው ለፖሊስ አይደለም። አስተሳሰሩም ለውጥ ያመጣል፦ የታችኛው ክፍል በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ መሆን የለበትም። ሆድ ላይ ከወጣ በግጭት ጊዜ አንጀትን ይቆርጣል። ነፍሰ ጡር ከሆዷ በታች ታሳልፈው። የላይኛው በትከሻና በደረት መሃል ይለፍ፤ በብብት ስር አይደረግም።

ሕፃንን ጭን ላይ አቅፎ ፊት ወንበር መቀመጥ በጣም ያሳስበኛል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ግጭት 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከሁለት ኩንታል በላይ ጉልበት ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። ሁለት ኩንታል በእጁ ይዞ የሚያስቀር እናትም አባትም የለም። ቀበቶ ያላሰረ ወላጅ ደግሞ ራሱ ልጁን ከዳሽቦርዱ ጋር ይጨፈልቀዋል። ልጆች ኋላ ወንበር ይቀመጡ፤ ቀበቶ ካለ ይታሰርላቸው። በመቀመጫ ስርና ከራስ በላይ ያለውን ጀሪካን፣ ባትሪና የማረሻ ብረትም አስቡበት፤ ሲጋጭ ሁሉም ይወረወራል።

ስለ አይሱዙ የማውቀውን ሳልናገር አላልፍም። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። የተሠራው ለጭነት ነው፤ ከጭነቱ በላይ ሰው ሲቀመጥበት ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ በትንሽ ኩርባ ይገለበጣል፣ ላይ ያሉት ይወረወራሉ፣ ጭነቱም ይከተላቸዋል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ከድልድይ ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። በእኛው በወሎም በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወር በለጋምቦ ወረዳ ተማሪዎችን የያዘ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል። ለሠርግ፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ ሲባል አይሱዙ ላይ የሚወጣ ሰው የሚያስቀረውን የትራንስፖርት ብር በአንድ ወገን፣ እነዚህን ቀናት በሌላ ወገን አድርጎ ይመዝን። ሞተር ለሚነዱ ደግሞ ሄልሜት፤ አገጭ ስር ካልታሰረ ግን በመጀመሪያው ምት ይወልቃል።

ፍጥነትን በተመለከተ አሽከርካሪ ወንድሞቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ በሚወርደው ቁልቁለትና በድልብ ኩርባዎች ላይ በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረዱ። ፍሬን ሲግል ይከዳል። ሌሊት ጫት ይዞ እንቅልፍን ማባረርም አያዛልቅም፤ የዓይን መግለጥና የአእምሮ መንቃት አንድ አይደሉም።

ቤት ከተገባ በኋላ

ተመርምሮ የተለቀቀ ሰው ቢያንስ ለሁለት ቀን ብቻውን አይተኛ። የመጀመሪያውን ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሱት፤ ስሙንና ያለበትን በትክክል ከተናገረ ይተኛ። ለሳምንታት ከባድ ነገር አያንሳ፤ ጣፊያው ወይም ጉበቱ ተጎድቶ ከነበረ እስከ መቼ እንደሚከለከል ሐኪሙ ይነግረዋል። ወጣቶች ይህን ያሳጥሩታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ማሽላ ተሸክመው ይገኛሉ።

ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ይኖራል፤ ከነሙሉ ሥራው መኖር ይችላል። ነገር ግን ጣፊያ ጀርሞችንና በወባ የተያዙ የደም ሕዋሳትን ከደም የሚያጣራ አካል ነበር። እሱ ከሌለ ለሌላው ሰው ቀላል የሆነ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ክትባቶቹን ከሆስፒታሉ ይጠይቅ፤ አጎበር ሳይዘረጋ አይተኛ፤ ትኩሳት ከጀመረው እስኪነጋ አይጠብቅ፣ ፋርማሲ ሄዶ በግምት መድኃኒት አይግዛ፤ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ሄዶ ከሁሉ አስቀድሞ «ጣፊያ የለኝም» ይበል። ራሱን ቢስት የሚያየው ሰው እንዲያውቅ ይህችን ቃል በመታወቂያው ጀርባ ጽፎ በኪሱ ይያዝ።